«ጉዲፈቻ ተከልክሏል» የሚለው ወሬ እውነት ነው? ያሳደግናቸው ልጆች በሕግ የማን ናቸው?



በውስጥ መስመር ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱ በሁለት መስመር የሚመለስ አልሆነምና ዛሬ ሰፋ አድርገን ይዘነው መጥተናል። ጠያቂያችን ደብረ ወርቅ የሚኖሩ እናት ናቸው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ቀይረነዋል። ነገሩ እንዲህ ነው።

እህታቸው ስትሞት የሁለት ዓመት ሴት ልጅ ትታ ነበር። አባትየው ለሥራ እንደወጣ አልተመለሰም፤ ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም። እኚህ እናትና ባለቤታቸው ልጅ አልነበራቸውምና ሕፃኗን ወሰዱ። አዝለው፣ አስከትበው፣ አስተምረው አሳደጓት። ልጅቷ እናትና አባት ብላ የምታውቀው እነሱን ነው። ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ደርሳለች። አምና አባወራው አረፉ። ተዝካሩ እንዳለፈ የሟች ወንድሞች መጡና «አሳደጋት እንጂ አልወለዳትም፤ ከወንድማችን ንብረት ድርሻ የላትም» አሉ። እናትየዋ ደንግጠው «እንግዲያውስ በሕግ ጉዲፈቻ ላድርጋት» ብለው ሰው ሲያማክሩ ደግሞ «ጉዲፈቻማ በ2010 ተከልክሏል» ተባሉ።

ጥያቄያቸው ሁለት ነው። «እውነት ተከልክሏል? ልጄስ ልጄ አይደለችም ማለት ነው?»

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፦ አልተከለከለም። የተከለከለው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ግን ትንሽ መራራ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

በ2010 የተከለከለው ምንድን ነው?

ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ እንደገና አሻሻለ። አዋጁ ቁጥር 1070/2010 ይባላል። ያደረገው ነገር ብዙ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ውስጥ የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ልጅን በጉዲፈቻ እንዲወስድ የሚፈቅደውን አንቀጽ 193ን ሰረዘ። ከእሱ ጋር የተያያዘውን የአንቀጽ 194 ንዑስ ክፍልም አብሮ አወጣ። በቃ።

ኢትዮጵያውያን ለኢትዮጵያውያን ልጆች አሳዳጊ የሚሆኑበት ክፍል፣ ከአንቀጽ 180 ጀምሮ ያለው ማለት ነው፣ እንዳለ ቆሟል። እንዲያውም ክልከላው ሲወጣ የቀረበው ምክንያት «ልጆች በሀገራቸው፣ በባህላቸው፣ በወገናቸው መካከል ይደጉ» የሚል ነበር። ስለዚህ ሕጉ የውጭውን በር ሲዘጋ የሀገር ቤቱ በር የበለጠ እንዲከፈት አስቦ ነው። «ጉዲፈቻ ተከልክሏል» እያለ ሰው የሚመልስ ካለ ሕጉ ካሰበው ተቃራኒውን እያደረገ ነው።

ለምን ተከለከለ?

ይሄን የምናነሳው ለታሪክ ብቻ አይደለም። እዚያ የተፈጠረው ስህተት እዚህ እኛ ሰፈርም በሌላ መልክ ስላለ ነው።

አንድ ጊዜ ኢትዮጵያ ለውጭ ጉዲፈቻ ልጆች ከሚሄዱባቸው ቀዳሚ የዓለም ሀገሮች አንዷ ነበረች። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ በዚያ ዓመት ከእኛ በላይ የነበረችው ቻይና ብቻ ናት። ከ1999 ጀምሮ እስኪቆም ድረስ አሜሪካ ብቻ የገቡት ከ15 ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ጥሩ ቤት ገብተው አድገዋል፤ ይሄን መካድ አይገባም።

ግን ገንዘብ ያለበት ቦታ ደላላ አይጠፋም። ገጠር ድረስ እየሄደ «ልጃችሁ ተምሮ ይመለስላችኋል፣ ይረዳችኋል» እያለ ወላጅ የሚያስፈርም ነበር። ወላጅ የፈረመው ልጁን ለትምህርት የላከ መስሎት ነው። በሕግ ግን ልጁ የሌላ ሰው ልጅ ሆኗል። በአሜሪካም የአንድ ጉዲፈቻ አገናኝ ድርጅት ሰዎች በሐሰተኛ ሰነድ ተከሰው ጥፋታቸውን ያመኑበት ጉዳይ አለ። ጥፋቱ ምን ነበር? ልጆቹ አድረውባቸው የማያውቁ የሕፃናት ማሳደጊያዎች «እኛ ጋ ያደጉ ልጆች ናቸው» ብለው ውል ላይ እንዲፈርሙ መክፈል ነው።

ከዚያ የሐና ጉዳይ መጣ። ከኢትዮጵያ ወደ ዋሽንግተን ግዛት በጉዲፈቻ የሄደችው ሐና በ2003 ዓ.ም. ግንቦት በረሃብና በብርድ ተጎድታ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ ሞተች። ፍርድ ቤቱ እናትየዋን 37 ዓመት፣ አባትየውን ወደ 28 ዓመት እስራት ፈርዶባቸዋል። በምክር ቤት ክርክሩም ሆነ በሕዝቡ አፍ ስሟ በተደጋጋሚ ይነሳ ነበር።

መንግሥት መጀመሪያ በ2003 ዓ.ም. በቀን የሚታዩ ጉዳዮችን ቁጥር ወደ አምስት አወረደ። በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጭራሽ አገደ። በ2010 ጥር በሕግ ዘጋው። ያኔም ቢሆን «የሀገር ውስጥ ማሳደጊያው ዝግጁ ሳይሆን በሩ ቢዘጋ ልጆቹ የት ይወድቃሉ?» ብለው የጠየቁ የምክር ቤት አባላት ነበሩ። ጥያቄያቸው ዛሬም መልስ ይፈልጋል።

የፌዴራሉ አዋጅ ደብረ ወርቅ ይደርሳል ወይ?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል። በሀገራችን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በዋናነት የክልል ነው። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በሆኑት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ ክልል የራሱ አለው፤ የአማራ ብሔራዊ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ከዚያ በፊት እኛ ጋ የሚሠራው የ1952ቱ የጃንሆይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር።

ስለዚህ ደብረ ወርቅ፣ ብቸና ወይም ሞጣ ላይ የጉዲፈቻ መዝገብ ስታስከፍቱ የሚጠቀሰው 79/1995 ነው። የክልሉ ሕግ በዋና ዋናው ነገር የፌዴራሉን ፈለግ ይከተላል፦ ስምምነት፣ የወላጅ ፈቃድ፣ የፍርድ ቤት ማጽደቅ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የአንቀጽ ቁጥሮች የፌዴራሉ ናቸው። ማመልከቻ ስታጽፉ ጸሐፊው የክልሉን አንቀጽ ከአዋጁ አውጥቶ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ።

«ታዲያ 1070 የፌዴራል ከሆነ ከእኛ ክልል ለውጭ ዜጋ ልጅ መስጠት ይቻላል ማለት ነው?» የሚል ብልጥ ደላላ ቢመጣባችሁ አትስሙት። ልጅ ከሀገር የሚወጣው በፓስፖርት ነው፤ ፓስፖርት የሚሰጠው ደግሞ የፌዴራል ተቋም ነው። ፖሊሲውም ሀገር አቀፍ ነው። «ውጭ የሚወስድ አሳዳጊ አግኝቻለሁ» የሚል ሰው በራችሁን ካንኳኳ መጀመሪያ ፖሊስ ይስማው።

ማሳደግ ሌላ፣ ጉዲፈቻ ሌላ

ጉዲፈቻ ቃሉ የኦሮምኛ ነው፤ ሥርዓቱም በኦሮሞ ባህል የታወቀና የከበረ ነው። በአማራውም ቢሆን የሰው ልጅን የራስ ማድረግ አዲስ ነገር አልነበረም። ድሮ «የጡት ልጅ» የሚባለው በማር ሥርዓት ይፈጸም ነበር። አሳዳጊው ጣቱን ማር ቀብቶ ልጁ ይጠባል፤ ሽማግሌ ይመሰክራል፤ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። ምስክሩ ሰው ነበር፤ ምስክሩ ሲሞት ግን ነገሩም አብሮ ይሞታል።

ዛሬ በእኛ አካባቢ በብዛት ያለው ከሁለቱም የተለየ ነው። ዝም ብሎ ማሳደግ። እናት ስትሞት አያት ትወስዳለች። አባት ሲታሰር አጎት ይወስዳል። ገጠር ያለው ዘመድ «ከተማ ትማርልኝ» ብሎ ይልካል። በተለይ ክልላችን ጦርነት ውስጥ በቆየባቸው በእነዚህ ዓመታት ወላጁን ያጣን ልጅ ያላስጠጋ ቤት ስንት አለ? ማንም ወረቀት አይጠይቅም፤ ልጁ እንጀራ ላይ ይቀርባል፣ አለቀ።

ይሄ ትልቅ ደግነት ነው። ሕጉ ግን አያውቀውም። የቤተሰብ ሕጉ በግልጽ የሚለው የጉዲፈቻ ስምምነት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም ነው (አንቀጽ 194)። አሥር ዓመት አብልታችሁ፣ አልብሳችሁ፣ አስተምራችሁ ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ከሌለ በውርስ ጊዜ ልጁ «ልጅ» ተብሎ አይቆጠርም።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ነገርም አለ፦ አሳዳሪነትና ሞግዚትነት። ወላጆች ሲሞቱ ወይም መወጣት ሲያቅታቸው ልጁን የሚጠብቅና ንብረቱን የሚያስተዳድር ሰው ማለት ነው። ወላጆቹ በኑዛዜ ሰው ካልመረጡ ሕጉ መጀመሪያ አያቶችን፣ ቀጥሎ አካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህቶችን፣ ከዚያ አክስትና አጎትን ይጠራል። ይሄ ወረቀት ለትምህርት ቤት፣ ለሐኪም ቤት፣ ለባንክ ይጠቅማል። ግን ልብ በሉ፦ ሞግዚት የልጁ ጠባቂ ነው እንጂ ወላጁ አይሆንም። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ሞግዚትነቱ ያበቃል፤ ከሞግዚቱም አይወርስም።

ጉዲፈቻ ምን ይሰጣል?

ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ ሲኖር ልጁ ለማንኛውም ጉዳይ የአሳዳጊው ልጅ ሆኖ ይቆጠራል (አንቀጽ 181)። ይሄ በተግባር ሲተረጎም፦

በውርስ፦ ኑዛዜ ሳይኖር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። የጉዲፈቻ ልጅ እዚህ መስመር ላይ ከተወለደው እኩል ይቆማል። ልጅ ከሌለ ነው ወደ ሟች ወላጆች፣ ከዚያም ወደ ወንድምና እህት የሚሄደው። የጠያቂያችን የባል ወንድሞች የመጡት በዚህ ቀዳዳ ነው።

በመሬት፦ የገጠር መሬት የራሱ ሕግ አለው፤ በክልላችን አዋጅ ቁጥር 252/2009 ነው። ዝርዝሩ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። የፍርድ ቤት ወረቀት ካለ ግን መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በር ላይ «ልጁ ነው፣ ልጁ አይደለም» የሚለው ክርክር አስቀድሞ ተዘግቷል።

ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር፦ ብዙ ሰው የሚፈራው ይሄን ነው። «ጉዲፈቻ ካደረግኋት ከእናቷ ዘመዶች ትቆረጣለች» ይላሉ። አትቆረጥም። ሕጉ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደሚቀጥል ይናገራል (አንቀጽ 183)። ሁለቱ ተጋጭተው መምረጥ ግድ ሲሆን ብቻ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል።

ከአሳዳጊው ዘመዶች ጋር፦ የአሳዳጊው ወላጆች ወይም የጎን ዘመዶች ጉዲፈቻውን በግልጽ ከተቃወሙና ተቃውሟቸውን በሕጉ መሠረት ፍርድ ቤት ካስመዘገቡ፣ ጉዲፈቻው በእነሱ ላይ ውጤት አይኖረውም (አንቀጽ 182)። ማለትም ልጁ ከእነዚያ ዘመዶች አይወርስም። ከአሳዳጊው ራሱ የመውረስ መብቱን ግን ተቃውሟቸው አይነካውም።

ማን ማድረግ ይችላል?

አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት አንድ ላይ ከሆኑ አንዳቸው 25 ከሞላቸው ይበቃል። ያገባ ሰው ለብቻው ተነስቶ ማድረግ አይችልም፤ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። የትዳር ጓደኛውን ልጅ በጉዲፈቻ የሚያደርግ ሰው ግን ለብቻው ይችላል። ያላገባ፣ የፈታ ወይም ባል የሞተባት ሰው ለብቻቸው ማድረግ ይችላሉ። የራስ ልጅ መኖሩም አይከለክልም።

ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት። ይሄን አስምሩበት። «ትንሽ ይደግ» እያልን ስናዘገይ 18 ካለፈው በሩ ተዘጋ።

የወላጅ ፈቃድ፦ እናትና አባት በሕይወት ካሉና ከታወቁ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ከሞተ፣ ከጠፋ ወይም ፈቃዱን መስጠት ካልቻለ የሌላው ይበቃል። አንዱ እምቢ ካለና ልጁ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ የሌላውን ወላጅና የልጁን ሐሳብ ሰምቶ ሊያጸድቅ ይችላል (አንቀጽ 191)።

መንገዱ እንዴት ነው?

አንደኛ፦ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። በአሳዳጊውና በልጁ አሳዳሪ መካከል የሚደረግ ነው።

ሁለተኛ፦ ማስረጃ ሰብስቡ። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሞተ ወላጅ ካለ የሞት ማስረጃ፣ የአሳዳጊዎች የጋብቻ ወረቀትና መታወቂያ፣ ስለ ኑሯቸው የቀበሌ ማስረጃ ናቸው። ምስክር የሚሆኑ ጎረቤቶችንም አዘጋጁ።

ሦስተኛ፦ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሂዱ። እናርጅ እናውጋ ወረዳ ላላችሁት መቀመጫው ደብረ ወርቅ ነው። ከዚያ በፊት የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ብታናግሩ ጊዜ ትቆጥባላችሁ፤ ፍርድ ቤቱ ስለ ቤታችሁ ሁኔታ ሲጠይቅ የሚያጣሩት እነሱ ናቸውና። የአባት ስም እንዲለወጥ የምትፈልጉ ከሆነ ማመልከቻው ላይ ለይታችሁ ግለጹ።

አራተኛ፦ ዳኛው ይመረምራል። የሚመረምረው የእናንተን ልብ ሳይሆን የልጁን ጥቅም ነው። የልጁን ሐሳብ ይሰማል፣ የአሳዳሪውን ይሰማል፣ የማሳደግ አቅማችሁን ያያል። «ሀብታም ካልሆንኩ አይፈቀድልኝም» ብላችሁ አትቅሩ፤ ጥያቄው ልጁን ትንከባከባላችሁ ወይ ነው።

አምስተኛ፦ ፍርዱ ሲወጣ ግልባጩን ይዛችሁ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሂዱ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ሞትን ብቻ ሳይሆን ጉዲፈቻንም እንዲመዘገብ ያዛል። ግልባጩን አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ። ቤት ይቃጠላል፣ ቢሮም ይዘረፋል፤ ይሄን በእነዚህ ዓመታት አይተነዋል።

በአቋራጭ መሄድስ?

«ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል፤ ቀበሌ ሄጄ ወለድኳት ብዬ አስመዘግባለሁ» የሚል አለ። ብዙ ቤት የተደረገ ነገር ስለሆነ በግልጽ እንናገር። በሐሰት ማስመዝገብ ወንጀል ነው። ከወንጀልነቱ ሌላ ደግሞ አያስተማምንም። ወረቀቱ የሚፈተነው ሁሉም ሰው ሲስማማ አይደለም፤ ውርስ ላይ ጠብ ሲነሳ ነው። ያን ጊዜ «እንዳልወለደች ሀገር ያውቃል» ብሎ ምስክር የሚቆጥር ዘመድ አይጠፋም። ወረቀቱ ሲወድቅ ልጁ ሁለት ጊዜ ይወድቃል፤ ንብረቱንም ያጣል፣ እውነቱንም በፍርድ ቤት አዳራሽ ይሰማል።

ማሳደግ ስም ብቻ ሲሆን

የቤተሰብ ሕጉ ጉዲፈቻ አይፈርስም ይላል፤ ከአንድ ነገር በቀር። አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ መንከባከቡን ትቶ እንደ ባሪያ ከያዘው፣ ለጥቅሙ ሲል ነውር ሥራ ላይ ካሰማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ከያዘው ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው ይችላል (አንቀጽ 195)። ልጁ ራሱ፣ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ወይም ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው ማመልከት ይችላል።

እስቲ እዚህ ላይ ራሳችንን እንይ። «አስተምራታለሁ» ተብላ ከገጠር መጥታ ሌሊት ተነስታ እንጀራ የምትጋግር፣ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቤት የምትቀር ልጅ በሰፈራችሁ የለችም? «ልጃችን ነው» ተብሎ እረኛ ሆኖ የቀረውስ? ሐናን የጎዳት ባዕድ ሀገር መሆኗ ብቻ አልነበረም፤ ቤት ከገባች በኋላ የሚያያት ሰው አለመኖሩ ነው። እኛ ጋ ያለው ልጅ ደግሞ ወረቀትም የለው፣ የሚከታተለው ቢሮም የለው። በፍርድ ቤት ያለፈ ጉዲፈቻ ቢያንስ አንድ ዳኛ «ይሄን ልጅ እንዴት ይዛችሁታል?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርጋል።

ሕጉ ያሳደገን ሰው ጭራሽ አያየውም ወይ?

ያያል፤ ግን በውርስ አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የወሰነው ውሳኔ አለ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳደገችው። ከዓመታት በኋላ አባት መጥቶ «ልጄን ስጡኝ» አለ። የታች ፍርድ ቤቶች ሕጉ ወላጅን ያስቀድማል ብለው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን ሻረው። ከወላጅነት መብት በላይ የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ጠቅሶ ልጁ ካሳደገችው ጋር እንዲቆይ ወሰነ። የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ የወረዳውንም ጭምር።

ስለዚህ ያሳደጋችሁትን ልጅ ማንም ተነስቶ ነጥቋችሁ አይሄድም። ይሄ ግን ልጁ ከማን ጋር ይኑር ለሚለው ጥያቄ ነው የሚሠራው። ማንን ይወርሳል ለሚለው መልሱ ያው ጉዲፈቻ ወይም ኑዛዜ ነው።

ወደ ጠያቂያችን እንመለስ

እናታችን፣ እውነቱን ሳንሸፋፍን እንንገርዎ። ሟች ባለቤትዎ በሕይወት ሳሉ ጉዲፈቻውን አብረው ስላላጸደቁና ኑዛዜም ስለሌለ፣ በእሳቸው በኩል ልጅቷ በሕግ ወራሽ አይደለችም። ከሞተ ሰው ጋር አሁን የጉዲፈቻ ስምምነት ማድረግ አይቻልም። ይሄን መመለስ አይቻልም።

የቀረው ግን ትንሽ አይደለም። በትዳር ያፈራችሁት የጋራ ንብረት ግማሹ የእርስዎ ነው፤ የሟች ወንድሞች የሚጠይቁት ስለ ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። በሩን ዘግተው ሁሉን እንዲወስዱ አይፍቀዱ። እርስዎ ዛሬ ለብቻዎ ልጅቷን በጉዲፈቻ ማድረግ ይችላሉ። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ መጥፋቱን በምስክር ያስረዳሉ። ልጅቷ 14 ዓመት ሆኗታልና ዳኛው እሷን ይሰማል፤ ምን እንደምትል ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። ጉዲፈቻው ከጸደቀ የእርስዎ ልጅ ናት፤ የእርስዎ የሆነውን ማንም አይከራከራትም። እስከዚያው ድረስ ኑዛዜ ያድርጉ፤ ኑዛዜ በሕጉ የተቀመጠ ፎርም ስላለው በሕግ አዋቂ ፊት ይሁን። ጠበቃ መክፈል ካልቻሉ ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበትን ቦታ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ይጠይቁ።

ልጅቷ 18 ሊሞላት አራት ዓመት ቀርቷታል። አራት ዓመት ረጅም ይመስላል፤ መንገድ በሚዘጋበት፣ ችሎት በሚቋረጥበት ጊዜ ግን ረጅም አይደለም። ዛሬ ይጀምሩ።

ለሌሎቻችሁም

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ ለሌላቸው ልጆች የተለየ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሁኔታ የሚያመቻቹ ተቋማትም እንዲመሠረቱ እንዲያበረታታ ያዛል። የውጭው በር ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። የሀገር ቤቱ በር ግን እስካሁን ብዙ ሰው የማያውቀው በር ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በዕድር፣ በገበያ ቀን ወጥተው «ያሳደጋችሁትን ልጅ በሕግ አስጸድቁ» ቢሉ ምን ይጎድልባቸዋል? ለጤና ኤክስቴንሽን፣ ለማዳበሪያ ቤት ለቤት ከተኬደ ለዚህስ?

ቤታችሁ የምታሳድጉት ልጅ ካለ ዛሬ ማታ ሦስት ነገር እዩ፦ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? የልደት ወረቀት አለው? እናንተ ነገ ብትሞቱ በወረቀት ላይ ማን ነው? የሦስተኛው መልስ «ማንም» ከሆነ ሰኞ ጠዋት ወረዳ ፍርድ ቤት ብቅ በሉ።

ጽሑፉን እንዲህ ያለ ልጅ ለሚያሳድግ ለምታውቁት ሰው አድርሱልን። ጥያቄ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ የአቅማችንን ጠይቀን እንመልሳለን።

ሰላም ሁኑ።